«ሁሉም የሚያየው አፌን ነው»

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? የ34 ዓመት ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ከግቢያችን በር ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጀበና ቡና እሸጣለሁ።

ፊቴ ከዞረ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። በዋዜማው ሌሊት ከግራ ጆሮዬ ኋላ ሲጠዘጥዘኝ አደረ፤ ጥርስ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ቡና ቀድቼ ስቀምስ በከንፈሬ ጥግ ፈስሶ ቀሚሴ ላይ ተንጠባጠበ። ስኒው የተሰነጠቀ መስሎኝ አገላብጬ አየሁት። ልጄ አየችኝና «እማዬ፣ ለምን እንደዚህ ትስቂያለሽ?» አለችኝ። አልሳቅኩም ነበር። መስታወት ፊት ስቆም አፌ ወደ ቀኝ ተስቧል፤ ግራ ጉንጬ ተንጠልጥሏል፤ ግራ ዓይኔን ልጨፍን ብል እምቢ አለኝ።

ባለቤቴ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። የመረመረችኝ ሐኪም ግንባርሽን አኮማትሪ፣ ሁለት እጅሽን አንሺ፣ ጥርስሽን አሳዪኝ እያለች አየችኝና «ስትሮክ አይደለም፤ የፊት ነርቭ ነው» ብላ ፕሬድኒሶሎን የሚባል የአሥር ቀን ክኒን አዘዘችልኝ። አማቴ ግን ምች ነው ይላሉ፤ ላብሽ ሳይደርቅ ከምድጃው ተነሥተሽ ብርድ ላይ ወጥተሽ ነው አሉኝ። ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። በአምስተኛው ቀን ጸበል ወሰዱኝ፤ ጸበል ከመድኃኒት ጋር አይሄድም ስለተባልኩ ክኒኑን አቋረጥኩ። ጎረቤቴ ደግሞ የሰው ዓይን ነው፣ ደንበኛ በዛልሽ ትላለች። ሌላዋ ዋግምት የሚያውቅ ሰው ካልጠራሁ እያለች ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አልወጣሁም። ስናገር ከንፈሬ አይገጥምም፤ «ቡና» ማለት እንኳ አቅቶኛል። የምሸጠውን ነገር ስም መጥራት አልቻልኩም። ዕቁቤን የምጥልበት ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው። ባለቤቴ ሲያናግረኝ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ከሁሉ የባሰው፣ ታናሽ እህቴ ከአምስት ሳምንት በኋላ ትዳራለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ በሠርጉ ቀን የምትስመው የእኔን ጉልበት ነው። በዚህ ፊት እንዴት ብዬ ሰው መካከል እቀመጣለሁ? አልሄድም ልላት አስቤያለሁ። እድናለሁ ወይስ እንዲህ ሆኜ እቀራለሁ? ጥፋቱስ የእኔ ነው? ሁሉም የሚያየው አፌን ነው፤ እኔም ከዚያ ሌላ ማሰብ አቅቶኛል።

ባለ ጀበናዋ፣ ከየካ አባዶ

*

እህቴ፣ ስኒውን አገላብጠሽ ያየሽበት ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ሰው ፊቱ ይከዳኛል ብሎ አይጠረጥርም፤ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስኒውን ነው።

ሁሉም የሚያየው አፌን ነው ብለሻል። እኔን ያሳሰበኝ ግን በግማሽ ዐረፍተ ነገር ያለፍሽው ዓይንሽ ነው። ስለ ሠርጉም፣ ስለ ባለቤትሽም፣ ስለ ክኒኑም እመለሳለሁ፤ ዓይንሽ ግን ከዛሬ ማታ ስለማያልፍ ይቅደም።

ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ብዙ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ፊታቸው ዞሮ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ከንፈራቸው ነበር። ከእነርሱ መካከል አንድ ግንበኛ አይረሳኝም። ሁለት ወር ሙሉ አፉን ሲያሳሽ ከርሞ ነው የመጣው። አፉማ ተመልሶለት ነበር። በዚያ ሁለት ወር ሳይከደን ያደረውና ቀን ቀን የሲሚንቶ ብናኝ ሲጠጣ የዋለው ዓይኑ ግን ብሌኑ ላይ ነጭ ጠባሳ ወጥቶበታል። ሲስቅ ፊቱ እንደ ማንም ሰው ነው፤ በዚያ ዓይኑ የሚያየው ግን ጉም ብቻ ነበር።

የታመመው ነርቭ ለዓይን ቆብ የመከደን ትእዛዝ የሚያደርስ ነው። ዓይን ካልረገበገበ እንባው ብሌኑን አያርሰውም፤ ይደርቃል፣ ከዚያ ይቆስላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ፋርማሲ ሂጂና ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ ጠይቂ፤ ቀን ቀን ዓይንሽ ደረቅ ሲልብሽ ሳትጠብቂ በየሰዓቱም ቢሆን ጠብ አድርጊበት። ለሌሊቱ ደግሞ ወፈር ያለ የዓይን ቅባት ይሰጡሻል። ቅባቱን ካደረግሽ በኋላ የላይኛውን ቆብ በጣትሽ ጀርባ ቀስ አድርገሽ ወደ ታች አውርጂውና ስስ የሕክምና ፕላስተር ከቆቡ ላይ እስከ ጉንጭሽ ለጥፊበት። ጥጥ ወይም ፋሻ በዓይኑ ላይ በቀጥታ እንዳታስሪ፤ ዓይኑ ከሥሩ ከተከፈተ ጨርቁ ራሱ ሲፍቀው ያድራል። ቤት ውስጥም ደጅም መነጽር አድርጊ፤ ለማማር አይደለም፣ የእናንተ ሰፈር ግንባታና አቧራ እንደማያልቅበት ስለማውቅ ነው። ዓይንሽ ከቀላ፣ ካመመሽ፣ ብርሃን ከፈራ ወይም ብዥ ካለብሽ ግን «ነገ አያለሁ» አይባልም፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለብሽ። የምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል የታወቀ ነው። የጤና መድን አባል ከሆንሽ የሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው መያዝ አትርሺ።

አሁን ወደ በሽታው። ሐኪሟ ግንባርሽን አኮማትሪ ያለችሽ ያለ ነገር አይደለም። ከአንጎል በሚመጣ ስትሮክ አፍ ይዞራል እንጂ ግንባር አብዛኛውን ጊዜ መኮማተሩን አይተውም፤ የላይኛው ፊት ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ስለሚደርሰው ነው። ያንቺ ግን ግንባርሽም ዓይንሽም አፍሽም በአንድ ወገን ባንድ ላይ ተኝተዋል። እጅሽና እግርሽ ደህና ናቸው፤ ሐሳብሽም አልተምታታም፣ ደብዳቤሽ ይመሰክራል። ይህ ቤልስ ፓልሲ የሚባለው የፊት ነርቭ ሽባነት ነው። ስሙን ያገኘው ከ200 ዓመት በፊት ስለዚህ ነርቭ ከጻፈው ከስኮትላንዳዊው ሐኪም ከቻርልስ ቤል ነው። ነርቩ ከጆሮ ኋላ በጠባብ የአጥንት ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ሲያብጥ መፈናፈኛ አጥቶ ይታነቃል። ያ ሌሊቱን የጠዘጠዘሽ ጥርስሽ አልነበረም።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ሌሎች ግን ግንባር እያስኮማተራችሁ ቤታችሁ ውስጥ ሐኪም እንዳትሆኑ። አፍ በድንገት ከዞረ፣ በተለይም ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ ወይም ማየት ከተሳነ፣ 907 ወይም 939 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ስትሮክ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው?» ላልሽው፣ አይደለም። ነርቩን የሚያሳብጠው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት አልታወቀም፤ ብዙ ሐኪሞች የሚጠረጥሩት ከንፈር ላይ ቁስል የሚያወጣውን፣ ከልጅነት ጀምሮ በሰውነታችን ተኝቶ የሚኖረውን ቫይረስ ነው። ከምድጃ ተነሥቶ ብርድ ላይ መውጣት ቢያዞር ኖሮ አዲስ አበባ ውስጥ ፊቱ ቀና የሆነ ባለ ጀበና አይገኝም ነበር። አማትሽ ምች ማለታቸው ግን አያስቆጣሽ፤ በሚያውቁት ስም ጠርተውት ሊረዱሽ ነው የሮጡት። ዳማከሴውን መጠጣትሽም ያን ያህል አያሳስበኝም፤ በዓይንሽ ወይም በአፍንጫሽ ጠብ እንዳያደርጉልሽ ግን አደራ። ዋግምቱን ተዪው። የታነቀውን ነርቭ በመብጣት የሚደርስበት የለም፤ የሚተርፍሽ ጠባሳ ነው። ስለ ሰው ዓይን የምትነግርሽን ጎረቤትሽን በተመለከተ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ቡናሽን በዱቤ የምትጠጣ ከሆነ ሒሳቧን ጠይቂያት።

ክኒኑን አራት ቀን ወስደሽ ማቋረጥሽ የሚያስቆጭ ነው፤ አልደብቅሽም። ይሁንና ሐኪም ዘንድ በመጀመሪያው ቀን ደርሰሻል፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ በደንብ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በጣም የሚያስፈልጉሽን ቀናት አላመለጡሽም። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የስኮትላንድ ጥናት ፕሬድኒሶሎን በጊዜ ከጀመሩት ከመቶው 83ቱ በሦስተኛው ወር ሙሉ በሙሉ እንደዳኑ፣ ካልወሰዱት ግን 64ቱ ብቻ እንደዳኑ አሳይቷል፤ በዘጠነኛው ወር የወሰዱት 94 ደርሰዋል። የተረፉሽን ክኒኖች ግን በራስሽ ፈቃድ እንደገና አትጀምሪ። ነገ ወደዚያችው ሐኪም ተመለሽና ስንት ቀን እንደወሰድሽ፣ ለምን እንዳቆምሽ ሳትፈሪ ንገሪያት። ትቆጣኛለች ብለሽ ይሆናል፤ ብትቆጣም ታልፋለች። ትቀጥሊ አትቀጥሊ የምትወስነው እርስዋ ናት። ቀጥዪ ካለችሽ ጠዋት ምግብ ከበላሽ በኋላ ውሰጂው።

ስትሄጂ የምታነሽላት ሌላም ነገር አለ። ስኳርሽንና ደም ግፊትሽን ተለክተሻል? ስኳር ያለበት ሰው በዚህ ሕመም በብዛት ይያዛል፤ ክኒኑም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ነፍሰ ጡር ትሆኚ ይሆን? ያንንም ሳትጠየቂ ንገሪያት። የኤች አይ ቪ ምርመራም ብታደርጊ መልካም ነው፤ የሚያሳፍር ነገር ተጠረጠረብኝ ብለሽ አትውሰጂው፣ የፊት ነርቭ መዞር አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት ስለሚሆን ነው። ጆሮሽ ውስጥ ወይም ዙሪያውን ውሃ የቋጠረ ቁስል ካየሽ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አልማዝ ባለጭራ የምንለውን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ነርቩን ይዞት ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ መድኃኒት ይሻል።

ስለ ጸበሉ። እምነትሽን ከመድኃኒትሽ ጋር ያጣላው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለቱ ግን ጠበኞች አይደሉም። ነፍሳቸውን ይማርና ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ጊዜ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ክኒናቸውን ሳያቋርጡ እንዲጠመቁ በአደባባይ መክረዋል። ለዚያ ከባድ በሽታ የተፈቀደ ላንቺ የአሥር ቀን ክኒን እንዴት ይከለከላል? ልብሽ ካላረፈ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ አማትሽም አብረውሽ ይሂዱና ከአባ አፍ ይስሙት። ስትጠመቂ ግራ ዓይንሽን በመዳፍሽ ከድኚው፤ እንደ ወትሮው ይከደናል ብለሽ አትተማመኚበት።

መዳንሽን በተመለከተ ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ ቁጥሩ ግን ካንቺ ጋር ነው። አንድ የዴንማርክ ሐኪም ምንም መድኃኒት ያልወሰዱ ሕመምተኞችን ለብዙ ዓመት ሲከታተል፣ ከመቶው 85ቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ የመመለስ ምልክት አሳይተዋል፤ 71ዱም ሙሉ በሙሉ ድነዋል። አንቺ ገና ሁለተኛ ሳምንትሽ ላይ ነሽ። የመጀመሪያው ምልክት ትልቅ ነገር ሆኖ አይመጣም፤ አንድ ቀን ጥርስሽን ስትፍቂ የከንፈርሽ ጥግ ብልጭ ሲል ወይም ቆቡ ትንሽ ዝቅ ሲል ታዪዋለሽ። በሦስት ሳምንት ምንም እንቅስቃሴ ካላየሽ፣ ወይም በሦስት ወር ካልተሟላልሽ፣ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ይላኩሽ። ከዳኑ በኋላ ሕመሙ ዳግም የሚነሣባቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው።

እስከዚያው ፊትሽን አታስጨንቂው። ማስቲካ ቀኑን ሙሉ እያኘኩ መዋል፣ በኃይል መንፋት፣ ኤሌክትሪክ ማስነካት የሚሉሽን አትስሚ። ጠዋትና ማታ አምስት ደቂቃ ያህል ጉንጭሽን በንጹሕ ጣት ወደ ላይ ቀስ አድርገሽ እሺው። እንቅስቃሴ መመለስ ሲጀምር ደግሞ መስታወት ፊት ተቀምጠሽ ፈገግታን በዝግታ ሞክሪ፤ ደህናው ጎን በኃይል እንዳይጎትተው ቀኝ ጉንጭሽን በመዳፍሽ ያዢው። በጉልበት የተገደደ ነርቭ ሲያድግ መንገድ ይስታል፤ ስትስቂ ዓይን ይጠባል፣ ስትበዪ እንባ ይወርዳል።

ስትበዪ ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ በቀኝ በኩል አኝኪ። ምግብ በግራ ጉንጭሽና በድድሽ መካከል ተደብቆ ስለሚቀር ከበላሽ በኋላ ተጉመጥመጪ። «ቡና» ለማለት የግራ ከንፈርሽን ጥግ በጣትሽ ደገፍ አድርጊው፤ በ እና መ የከንፈር ፊደላት ናቸው፣ ከንፈር ካልገጠመ አይወጡም። አቦልም በረካም ተደግፎ ነው የሚወጣው ለጊዜው። ቶና ብቻ ነው ያለ ድጋፍ የሚገኝልሽ።

ሥራሽን ባትተዪው ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ነገ እያልሽ ቤት በቆየሽ መጠን በሩ ይከብድሻል። ነገር ግን ለዓይንሽ የከፋው ቦታ ምጣዱ አጠገብ ነው። ቡና መቁላቱን፣ ከሰል ማራገቡንና ዕጣን ማጨሱን ለጊዜው የሚረከብሽ ሰው ታገኚያለሽ? ከቅርብ ዘመድ አንዲት ልጅ ብትመጣልሽ፣ አንቺ ከነመነጽርሽ ከጢሱ ራቅ ብለሽ መቅዳቱን ብትይዢ፣ መጀመሪያ ለግማሽ ቀን ብቻ ብትከፍቺ? ለደንበኛ የሚነገረው አጭር ነው፦ «ነርቭ ነው፣ አይተላለፍም፣ እየታከምኩ ነው።» ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ቢኖር ስኳር ስንት ልጨምርልህ በዪው። የዕቁቡን ዳኛ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ አነጋግሪው።

ባለቤትሽ። ያኔውኑ ጤና ጣቢያ የወሰደሽ እርሱ ነው፤ ይህን የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። እንዲህ ያለ ሰው ቴሌቪዥኑን የሚያየው አስጠልተሽው ይመስልሻል? እኔ የሚመስለኝ፣ «ካየኋት አፏን የማይ ይመስላታል» ብሎ የፈራ ነው። ልሳሳት እችላለሁ። እንድታውቂ የሚያደርግሽ አንድ ሥራ ስጪው። ዛሬ ማታ ቅባቱን አድርገሽ፣ ፕላስተሩን ለጥፈሽ ስትጋደሚ፣ «ዓይኔ ተከድኗል? ነጩ ይታያል? እየው እስቲ» በዪው። መብራቱን አብርቶ ጎንበስ ብሎ ማየት አለበት፤ አንቺ በራስሽ ልታዪው የማትችዪው ነገር ነው። በየማታው ይየው። ልጅሽም ከፈለገች ጠብታውን ስታደርጊ ትቁጠርልሽ፤ የከበዳት ነገሩን አለማወቋ ሊሆን ይችላል።

ሠርጉ ሲደርስ ከታመምሽ ስድስት ሳምንት አልፎሻል። ያን ጊዜ ፊትሽ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፤ በከፊል ተመልሶም ሊሆን ይችላል፤ ገናም ሊሆን ይችላል። ውሳኔሽን በዚህ ላይ ከጣልሽው አምስቱንም ሳምንት መስታወት ፊት ነው የምታሳልፊው። ይልቅ አሁኑኑ ለእህትሽ ደውዪላት። አልመጣም ለማለት አይደለም፤ የሚከብድሽን አንድ በአንድ ለመንገር ነው። ፎቶ አንሺው በቀኝሽ በኩል እንዲቆም፣ ከቪዲዮው መብራት ራቅ ብለሽ እንድትቀመጪ፣ ምግብ በሰው ፊት እንዳትበዪ ከፈለግሽም ከጓዳ እንዲያቀርቡልሽ ብትጠይቂያት ቅር የሚላት ይመስልሻል? እስቲ ነገሩን ገልብጪውና እህትሽ ፊቷ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ከሠርግሽ እንድትቀር ትፈቅጂላት ነበር? ጉልበት ለመሳም የምትጎነበስ ልጅ ደግሞ ቀና ስትል መጀመሪያ የምታየው ዓይንሽን ነው።

የዓይን ጠብታውን ብቻ በቦርሳሽ ያዢ፤ ሠርግ ቤት ጢስ አይጠፋም።